ለእሱ መሬቱ፣ ለእሷ ትምህርቱ

ሁለቱን የልጄን ልጆች ያሳደግኋቸው እኔ ነኝ። እናታቸው ስትሞት ወንዱ ስድስተኛ፣ ሴቷ ሦስተኛ ክፍል ነበሩ። የሚያርስልኝ ሰው ስላልነበረ ወንዱን ከትምህርት ቤት አስቀረሁት። አስተማሪው ሁለት ጊዜ ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ "ይሄ ልጅ ሒሳብ ይችላል፣ ይመልሱት" ብሎኝ ነበር። ሁለተኛው ጊዜ ላይ ግባ እንኳ ሳልለው ሸኘሁት።

አድልቼ አላውቅም ብዬ የምኮራ ሰው ነኝ። ያን ጊዜም እኩል ያካፈልኩ መስሎኝ ነበር፤ ለእሱ መሬቱን፣ ለእሷ ትምህርቱን። አማኑኤል ከተማ ቤት ተከራይታ ስትማር በየቅዳሜው በሶና ድርቆሽ ተሸክሜ አደርስላት ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ተመረቀች። ከዚያ ሦስት ዓመት ሙሉ ከሰሌዳ ሰሌዳ የሥራ ማስታወቂያ ስታነብ ኖረች። አምና ሻንጣዋን ይዛ ተመለሰችና፣ "እማማ፣ ድንች የምተክልበት ቁራሽ መሬት ይስጡኝ" አለችኝ።

ወንድሟ ደጃፉ ላይ ሞፈር ይጠርብ ነበር።

"አንቺ ድርሻሽን ወስደሻል" አላት ቀና ሳይል። "ያካፈሉን እማማ ራሳቸው ናቸው።"

"እንግዲያው ዲግሪዬን ውሰድና መሬቱን ስጠኝ።"

መጥረቢያውን አስቀመጠ። ልቆጣው ነበር፤ እሱ ግን ድምፁን እንኳ አላነሳም።

"ያኔ ቢሆን እወስደው ነበር። የቱን ትፈልጋለህ ብሎ የጠየቀኝ አለ፣ እማማ?"

አልነበረም። እሷንም የጠየቃት የለም።

ከቤቱ ጀርባ ለእርጅናዬ ብዬ ያስቀረኋት መሬት ነበረች። ለልጅቷ ሰጠኋት። በሬ ያለው ወንድሟ ነውና፣ እኔ እንዴት ብዬ ልለምነው ስል፣ ሳልጠራው ጠምዶ መጣ። እሷ ከኋላው ጓል ትከሰክሳለች።

"ዲግሪሽ ጓሉን አልሰበረውም?" ይላታል።

"አንተ ዝም ብለህ እረስ" ትለዋለች።

እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አያቸዋለሁ። ደክሞኛል። የእሷን በመሬት ካስኩት፤ ከእሱ የወሰድኩትን ግን የምመልስበት የለኝም።

እሱ አግብቶ ወልዷል፤ ዘንድሮ ሴት ልጁን አንደኛ ክፍል አስገብቷታል። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ስለቆጠርኩ ደብተሯን ልይላት ብዬ ጠይቄው ነበር።

"እኔ አይላታለሁ፣ እማማ" አለኝ። በትሕትና ነው ያለኝ። ደግሜ አልጠየቅሁትም።