የጎጆው ሮቶ እና አራቱ ሳጥኖች

ሥነ ልቦና በማታ መማር የጀመርኩት ከጥቂት ዓመታት በፊት አምቦ ውስጥ ነው። በዘጋቢነት ፀጉሬ ሸብቶ ነበር። ውሸታሞች ሳይሆኑ ያላዩትን አየን ብለው የሚምሉ ሰዎች ደጋግመው ስለገጠሙኝ ምክንያቱን ማወቅ ፈለግሁ። ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች አንዱ የምርምር ዘዴ መግቢያ ነበር።

መምህራችን ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ሴት ነበረች። አንድ ምሽት ሰሌዳው ላይ አራት ሳጥን ሣለች። ይህ ነገር ያንን አመጣ የሚል ሰው አራቱንም መሙላት አለበት አለችን፤ ሁለቱም የሆኑበትን፣ የመጀመሪያው ሆኖ ሁለተኛው ያልተከተለበትን፣ የመጀመሪያው ሳይኖር ሁለተኛው የመጣበትን፣ ሁለቱም ያልነበሩበትን። «ሰው ግን የመጀመሪያዋን ሞልቶ ይነሣል» አለች።

ጎጆ ከምትባለው ከተማ አካባቢ የመጣ ጎልማሳ እጁን አወጣ።

«እናቴ ጉልበቷን ባመማት ቁጥር ዝናብ ይመጣል። እኔ ምስክር ነኝ።»

«አሟት ዝናብ ያልመጣበትን ቀን ታስታውሳለህ?»

«አላስታውስም መምህር። ጎጆ ዝናብ ያልመጣበት ቀን መቼ አለና!»

ክፍሉ ሳቀ። እሷም ሳቀችና «እንግዲህ ሁለት ሳጥንህ ባዶ ነው፤ የእናትህን ጉልበት ለሜትሮሎጂ አንሰጥም» አለችው።

በዚያው ሰሞን ታናሽ እህቴ ከጎጆ ደወለች። እዚያ አንደኛ ደረጃ ታስተምራለች። ባሏ በዚያው ትምህርት ቤት የግቢ ሠራተኛ ነበር፤ ትልቁን ሮቶ ይሞላል፣ ያጥባል፣ ቅዳሜ ከሰዓት ክሎሪን ይጨምርበታል። የሚኖሩትም ግቢው ጥግ ላይ ባለች የትምህርት ቤቱ ቤት ነው። ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ ራሷን ስታ ወደቀች። ከምሳ በፊት የክፍል ጓደኞቿ ተከተሉ፤ በማግሥቱ ደግሞ ሌሎች።

«ጋሼ፣ ውሃውን እሱ አበላሸው እያሉ ነው» አለችኝ። «ወላጆች ሊሰበሰቡ ነው። ካባረሩት ሥራው ብቻ አይደለም፣ ቤታችንም ይሄዳል። ልጆች የመረዘ ሰው ተብሎ ደግሞ ጎጆ ውስጥ ማን ያስጠጋዋል?»

ለአለቃዬ ዘመዴ ያለበት ጉዳይ ስለሆነ ዜናውን እንደማልሠራው ነግሬ ፈቃድ ወሰድኩ። መንገዱ ጭቃ ነበር፤ ሚኒባሱን ሁለት ቦታ ወርደን ገፋነው።

መጀመሪያ የሄድኩት መጀመሪያ ወደወደቀችው ልጅ ቤት ነው። በእኛ አገር የታመመ ሰው ብቻውን አይተኛም። ግድግዳውን ተደግፈው በተደረደሩት አግዳሚዎች ላይ ጎረቤት፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው፣ የእድር ሰው ተቀምጧል። አንዷ ጠበል ይዛ መጥታለች፤ ከጎኗ ያለችው ደግሞ ለጸሎት የመጣች የጴንጤ ዘማሪ ናት። ልጅቷ ጋቢ ተከናንባ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ነበር። አዲስ ሰው በገባ ቁጥር በኦሮምኛ «ነጋ»፣ «ፈያ» እየተባባሉ ሰላምና ጤና ይጠያየቃሉ፤ ቀጥሎ የገባው ወደ ልጅቷ ዞሮ አንድ ነገር ይጠይቃል።

«የኔ እናት፣ ውሃው ይሸት ነበር?»

«ይሸት ነበር።»

«እንደ በረኪና?»

«አዎ፣ እንደ በረኪና።»

«አይ የሰው ክፋት» ይላል የጠየቀው፤ ቦታ ይለቀቅለትና ይቀመጣል። ሌላ ሰው ይገባል። እንደገና ከሽታው ይጀመራል። ክፉ አሳብ ያለው ሰው እዚያ ቤት አልነበረም። ሁሉም አዝነው ነው የመጡት፤ ዝም ብሎ መቀመጥም ነውር ነው።

እናቲቱን በረንዳ ላይ ለብቻዋ አገኘኋትና ልጇ በመጀመሪያው ቀን ምን እንዳለቻት ጠየቅኋት።

«ሰልፍ ላይ ብርዱ አንቀጠቀጠኝ፣ ዓይኔ ጨለመብኝ አለች። ቁርስ አልበላችም ነበር።»

«ስለ ውሃውስ?»

«ያን ቀን ስለ ውሃ አላነሣችም። በኋላ ነው ያስታወሰችው፣ ሰዉ ሲጠይቃት።»

ይህንን ያለችው ምንም ሳይከብዳት ነው። የታመመ ሰው ቀስ እያለ ማስታወሱ ለእሷ የማገገም ምልክት ነበር።

ርዕሰ መምህሩን አስፈቅጄ ያልታመሙትን ልጆች ማነጋገር ጀመርኩ። እስከዚያች ቀን እነሱን የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ ጤነኛ ሰው ማን ይጠይቃል። አንድ በአንድ፣ ስለ ውሃ ሳላነሣ፣ ሰኞ ከእንቅልፍ ከነቁ ጀምሮ ያደረጉትን እንዲነግሩኝ አደረግሁ። ወንዶቹ ኳስ ተጫውተው ከሮቶው ቧንቧ በአፋቸው ጠጥተዋል። የመምህራኑ ሻይ የፈላው በዚያው ውሃ ነው። የወደቁትንም እንዲሁ ጠየቅኋቸው፤ ከእነሱ መካከል ውሃ ከቤታቸው በፕላስቲክ ይዘው የመጡ፣ ሮቶውን ያልነኩ ነበሩ። የወደቁት ብዙዎቹ የመጀመሪያዋ ልጅ ስትወድቅ አጠገቧ የነበሩ ወይም በኋላ ሲደግፏት የዋሉ ናቸው። ጠጥተው የወደቁም፣ ሳይጠጡ ደህና የሆኑም ስለነበሩ አራቱም ሳጥኖች ሞሉ። ውሃው ጥፋተኛ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይሞሉም ነበር።

አንድ ሌላ ነገርም አውቅ ነበር። ያን ቅዳሜ የእህቴ ባል ጎጆ አልነበረም። ድንች ይዞልኝ አምቦ መጥቶ፣ እኔ ቤት ምሳ በልቶ፣ መኪና አጥቶ አድሮ ነው እሑድ የተመለሰው። በዚያ ሳምንት ሮቶው ውስጥ ክሎሪን የጨመረ ሰው የለም። ግን እህቴ ቅዳሜና እሑዱን ለቅሶ ሄዳ ስላልነበረች ምስክሩ እኔ አማቹ ብቻ ነኝ። የሚኒባሱን ረዳት ብጠይቀው «ጋሼ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የምጭነው ሰው ለእኔ ሁሉም ጆንያ ነው» አለኝ። ስለዚህ በስብሰባው ላይ በሳጥኖቹ ልሟገት ወሰንኩ።

የእህቴ ባል ራሱ በእነዚያ ቀናት እየከሳ ነበር። ምግብ ሲቀርብለት አይነካውም። ሱቅ ሲሄድ ይጠይቁታል፣ ቤተ ክርስቲያን ይጠይቁታል። ስንት ጨመርክ? እጅህ ከብዶ ነው? በመዘንጋት ነው? አንዳንዶቹ በፍቅር ነው፤ «ብትናገር ይቀልልሃል ወንድሜ» ይሉታል። እህቴም ሳትቀር አንድ ቀን «እርግጠኛ ነህ?» ስትለው ሰማሁ።

ስብሰባው አዳራሽ ውስጥ ነበር። ጥቁር ሰሌዳው ላይ አራቱን ሳጥኖች ሥዬ ያገኘሁትን በአማርኛ ነገርኩ፤ አንድ መምህር ወደ ኦሮምኛ መለሰልኝ። ከጤና ጣቢያው የመጣችው ባለሙያ ተነሥታ የውሃው ምርመራ ምንም እንዳላሳየ፣ ልጆቹ ላይም የመመረዝ ምልክት እንዳላገኙ ተናገረች። ሰዉ አዳመጠ።

አንድ አባት «ሳጥኑ ደህና ነው» አሉ። «የእኔ ልጅ ግን ሳጥን ውስጥ አትገባም። ወድቃለች።»

«ወድቃለች አባቴ። መውደቋን አልካድኩም።»

«እሱን ብትክድማ እዚህ አትቀመጥም ነበር» አሉኝ፤ ሰዉ ትንሽ ሳቀ፤ እኔም አየሩ የተለወጠ መሰለኝ።

ስብሰባውን የሚመሩት ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። የተማረው ተናግሯል፣ ሐኪሟም ተናግራለች፣ እኛም ሰምተናል አሉ። የቀረው በአገሩ ደንብ ሰውየው በሸንጎ ቆሞ በገዛ አፉ መናገሩ ነው፤ አላደረግሁም ካለ ነገሩ እዚህ ያልቃል፣ ከዚያ በኋላ ነገሩን ያነሣበት ሰው ራሱ ጥፋተኛ ይሆናል። ይህንን ያሉት ሊጠቅሙት ነበር። ሰዉም ሊቀበል ተዘጋጅቷል።

የእህቴ ባል ተነሣ። ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዟል።

«ኦቦ፣ ሁለት ጊዜ ሳልጨምር አልቀረሁም» አለ።

ወደ ወላጆቹ ዞረ።

«መጀመሪያ አላደረግሁም እል ነበር። አሁን ግን ይታየኛል። ቅዳሜ ከሰዓት መሰላሉ ላይ ነኝ። አንድ ጣሳ ገለበጥኩ፤ ከታች ሰው ጠራኝ መሰለኝ፤ ስመለስ ረስቼ ሌላ ጣሳ ገለበጥኩ። ሽታው ራሱ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ስለ ልጆቹ ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ተነሣሁ። ያን ቅዳሜ አምቦ እኔ ቤት እንደነበረ፣ ምን እንደበላ፣ የት እንደተኛ ተናገርኩ። ሽማግሌው በሐዘን አዩኝ።

«ልጄ፣ አማችህ ነው። ማንም በአንተ ቦታ ቢሆን ይህንኑ ይላል።»

ወደ እሱ ዞርኩ። «ድንቹን ያመጣህልኝ ቅዳሜ እኮ ነው» አልኩት።

«እሱ ሌላ ቅዳሜ ነው ጋሼ» አለኝ በለሆሳስ። «ለእኔ ብለህ አትዋሽ።»

በሥራዬ ብዙ ሰው ሲዋሽ አይቻለሁ፤ የሚዋሽ ሰው ዓይን እንዲህ አይደለም። ያምነው ነበር።

በመናዘዙ ሰዉ ራራለት። አልሰደቡትም፣ ለፖሊስም አልሰጡትም፤ ሴቶች አለቀሱ፣ ከወላጆቹም አንዳንዶቹ አቀፉት። ከሥራው ግን ተሰናበተ፤ ቤቱንም ለቀቁ። እህቴ አንድ ክፍል ተከራይታ ማስተማሯን ቀጠለች። ርዕሰ መምህሩ ሮቶውን አስጥሎ አዲስ አስገዛ። ዝናቡ ሳያባራ እንደገና ሁለት ልጆች ወደቁ። ጎጆ ውስጥ ሲወራ የሰማሁት መርዙ ቧንቧው ውስጥ ቀርቶ ነው የሚል ነው።

መምህራችን ለኮርሱ መጨረሻ የራሳችንን ጥናት እንድናቀርብ ጠየቀች። እኔ ሌላ ርዕስ መረጥኩ። አንድ ቀን ከክፍል ስንወጣ ብቻዋን አግኝቻት የሆነውን ነገርኳት። «ሳጥኖቹ ትክክል ነበሩ» አለች።

የእህቴ ባል አሁን ወንጪ ዘመዶቹ ጋ ነው፤ ለጎብኚ ፈረስ ይጎትታል። ባለፈው ክረምት ሄጄ አየሁት። እግሬ ዝሎ ገደሉ አፋፍ ላይ ቁጭ ስል ከአንዲት ልጅ ጀሪካን ውሃ በጣሳ ቀድቶ አመጣልኝ። ጣሳውን ሊሰጠኝ ዘረጋና መለሰው፤ ግማሹን ራሱ ጠጣ። ጥቂት ጠበቀ። ከዚያ የቀረውን አቀበለኝ።