ሀያት ስትወጋ የጫንኩት እጅ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ከአረፋ በዓል በኋላ ባለው ሳምንት ነው። የምኖረው ሱዳን፣ ገዳሪፍ ነው፤ ባለቤቴ ገበያው ውስጥ ቅመማ ቅመም ይሸጣል። ብዙ ማውራት የምወድ ሰው አይደለሁም። የዚያን ቀን ነገር ግን ለራሴ ብቻ መያዝ አልቻልኩም። ሳስበው አሁንም ልቤ በደስታ ይመታል።

ልጄ ሀያት ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሐኪሞቹ የደም ካንሰር ነው ብለው ጠረጠሩ። ዓይነቱን ለይተው መድኃኒት ለማስጀመር ከዳሌዋ አጥንት መቅኒ በመርፌ መውሰድ ነበረባቸው። ቆዳዋን የሚያደነዝዝ መርፌ አለ፤ ጨርሶ የሚያስተኛው መድኃኒት ግን ከጦርነቱ ወዲህ ጠፍቷል።

በመጀመሪያው ሙከራ እኔን አስወጡኝ። ጩኸቷ ውጪ ድረስ ይሰማ ነበር። ስለተንፈራገጠች ዶክተሩ መቅኒውን ሳያገኝ ተወው።

«አንድ ጊዜ ደግሜ እሞክራለሁ፤ ካልሆነ ፖርት ሱዳን ትወስጃታለሽ» አለኝ።

መንገዱን አሰብኩት። የልጄን አቅም አሰብኩት።

በሁለተኛው ቀጠሮ ከካርቱም ተፈናቅላ የመጣች ኢህሳን የምትባል ነርስ ጠራችኝ። «ኡም ሀያት፣ ዛሬ አንቺም ትገቢያለሽ» አለችኝ፤ የሀያት እናት ማለቷ ነው። እጄን ይዛ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል ያለውን ሥጋ፣ ወደ ሌባ ጣቱ አጥንት አስጠግታ ጠበቅ አድርጋ ጫነችው።

«እንዲህ ጫኚላት። መርፌው እስኪወጣ አትልቀቂ። ማደንዘዣውን አይተካም፤ ሕመሙን ግን ያቀልላታል። ዶክተሩም ተስማምቷል።»

እኔ የተረዳሁት በአገሬ ልማድ ነው። መተማ ሳለን ወጌሻ ቅባት ሳይዝ የሰው ገላ አይነካም። ስለዚህ ኢህሳን ዞር ስትል የሀያትን እጅ ቁርኣን በተቀራበት የጥቁር አዝሙድ ዘይት እስከ ክርኗ አሸሁት። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ገባሁ።

ሀያት በጎኗ ተኛች። ዶክተሩ መርፌውን አነሣ። «ቢስሚላህ» ብዬ ብጫን፣ ጣቴ ሙልጭ አለ! ደገምኩ፤ አሁንም ሙልጭ! ሀያት ማልቀስ ጀመረች። እግሯ ተንቀሳቀሰ። ዶክተሩ እጁን ሰበሰበ። አበቃልን አልኩ።

ኢህሳን ጎንበስ ብላ አየች። «ኡም ሀያት! ይሄ ምንድን ነው?»

«ዘይት ነው» አልኳት።

«ዱዓሽን አላህ ይቀበልሽ። ግን እጇን ልትጠብሺው ነው እንዴ?»

ሀያት እንባዋ እየወረደ ሳቀች። «ዩማ፣ ሽንኩርትም ጨምሪበት!»

ዶክተሩም ሳቀ። የለበስኩትን ቶብ ጫፍ እጇ ላይ ጠቅልዬ ከላዩ ጫንኩ። ያዘልኝ!

«ጠንከር አድርጊው፣ ዩማ» አለች። ጠንከር አደረግኩት። ኢህሳን «ቀስ ብለሽ ተንፍሺ» ትላታለች፤ ሀያት ዓይን ዓይኔን እያየች ትተነፍሳለች። መርፌው ሲገባ ፊቷ ተጨማደደ፤ በሌላው እጇ ክንዴን ጨመቀችኝ። እግሯ ግን ካለበት አልተነሣም።

«ኸላስ!» አለ ዶክተሩ።

«ኸላስ? አለቀ?» ሀያት አላመነችም።

አልቋል! መቅኒው ተወስዷል! እዚያው መሬቱ ላይ ሱጁድ ወረድኩ። ኢህሳን «ኡም ሀያት፣ ተነሽ፤ ሌላ በሽተኛ ይገባል» እያለች ስታነሣኝ፣ እሷም ዓይኗን ትጠርጋለች።

ውጤቱ ሲመጣ መድኃኒት ያለው ዓይነት ነው ተባልን፤ ወዲያው ጀመረች። ሕክምናው ረጅም ነው። ፀጉሯ ረግፏል፤ ምግብ የምትጠላበት ቀን አለ። መርፌ በመጣ ቁጥር ግን እኔ ሳልጠይቃት እጇን ትዘረጋልኛለች። ሕመሙ ጨርሶ ይጠፋል አልልም። «ይቀንሳል፣ ዩማ» ትለኛለች፤ እኔም እሷን አምናለሁ።

ልጄ ስትሰቃይ የማደርገው አጥቼ በር ላይ የማለቅስ እናት ነበርኩ። አሁን አላህ አልጋዋ አጠገብ ለእኔም ሥራ ሰጥቶኛል። አልሐምዱሊላህ።