«ነገሩ ይርጋ» ያሉን ቀን

ከመርሳ እስከ ሐራ ገበያ ሕግን እንደ እኔ የሚያውቅ ሰው አልተወለደም። ዳኛ መንገድ ላይ ባየሁ ቁጥር ማዶ ለማዶ እሸሽ ነበር፤ ምክር ልጠይቅህ ብሎ ሥራ እንዳያስፈታኝ። እውነቱን ልናገር ካልኩ ግን የሕግ ትምህርት ቤቴ የባጃጄ የኋላ ወንበር ነው። ከመናኸሪያው እስከ ወረዳው ፍርድ ቤት ባለጉዳይ ሳመላልስ እውላለሁ። ሲሄዱ የሚፎክሩትን፣ ሲመለሱ የሚራገሙትን ለቃቅሜ ጠበቃ ሆንኩ አልኩ። የለቃቀምኩት ነገር የታናሽ እህቴን ልጆች ሜዳ ላይ ሊጥል ምንም አልቀረውም ነበር።

የእህቴ ባል ከግራና ከተማ ወጣ ብሎ ሽንኩርትና ፓፓያ የሚያለማ ገበሬ ነበር። ዝምተኛ ነው። እኔ ሺህ ቃል ስደረድር እሱ «እህ» ይላል፤ ሰዉ ሁሉ የሚያስታውሰው ያንን «እህ» ነው። አንድ የገበያ ቀን አህያውን እየነዳ ከመርሳ ሲመለስ፣ ድንጋይ የጫነ አይሱዙ ከአስፋልቱ ወጥቶ ገጨው። አህያዋ አንድ ጭረት አልነካትም። እሱ ወልድያ ሆስፒታል ሳይደርስ መንገድ ላይ አረፈ። ሦስት ልጆች፣ አንዲት አሮጊት እናትና ያልተነቀለ ሽንኩርት ትቶ።

አርባው ሳይወጣ ከሾፌሩና ከመኪናው ባለቤት ዘንድ ሽማግሌ መጣ። በእኛ አገር ሳያስበው ነፍስ ያጠፋ ሰው ደም የሚያደርቁለት ሽማግሌዎች ይልካል፤ ቄሱም ሼሁም አብረው ነው የሚመጡት። ድንጋይ በማጅራታቸው ተሸክመው ደጃፉ ላይ ተንበረከኩ። ያን ሽበት አይቶ ማን ይጨክናል? እህቴ «ተነሱልኝ፣ ስለ እግዚአብሔር ብዬ ይቅር ብያለሁ» አለች። ወረቀት ተጻፈ፤ አውራ ጣቷን በቀለም ነክራ አሳረፈች። የሽማግሌዎቹ አፍ የሆኑት አዛውንትም ጋቢያቸውን እያስተካከሉ፣ «እንግዲህ ልጄ፣ ነገሩ ይርጋ» ብለው መረቁ።

ሽማግሌዎቹ ከወጡ በኋላ እህቴ ወደ እኔ ዞረች።

«ጋሼ፣ የልጆቹ ነገርስ? ካሳ የሚባል አለ ይሉ የለም እንዴ?»

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «ይርጋ ተብሏል። የረጋ ነገር አይበላሽም፤ ጊዜው ሲደርስ እናነሳዋለን» አልኳት።

እርጎ መስሎኝ እኮ ነው! ለእኔ ወተት ይረጋል፣ የደፈረሰ ውሃ ይረጋል፣ የሐዘንተኛ ልብ ይረጋል። እሷም አመነችኝ። በመንደሩ ያለሁት ሕግ አዋቂ እኔ ነኛ።

ዓመት አለፈ። ሌላውም ዓመት ወደ ማለቁ ሲቃረብ፣ አንድ ሰውዬ ከፍርድ ቤቱ በር ላይ ተሳፈረ። ፊቱ የተጠመቀ ጌሾ ይመስላል።

«ምነው ወንድሜ፣ ተፈረደብህ?»

«ምን ይፈረድብኛል፤ ክሴን ይርጋ በላው እንጂ!»

ሳቄ አመለጠኝ። «ይርጋ ደግሞ ጥርስ አለው?»

«ጥርስ ነው የምትል? መንጋጋ ነው ያለው! የገጨህን መኪና በሁለት ዓመት ውስጥ አልከሰስክም፣ ጊዜው አልፎብሃል፣ ይርጋ ነው ብለው መለሱኝ።»

ባጃጇን አቆምኩ። ሰውዬው ደረስን መስሎት ወረደ፤ ገና መንገዱን አላጋመስንም ነበር። እኔ ግን መሪውን አዙሬ ወደ ግራና በረርኩ። ፍጥነቴን ብነግራችሁ አታምኑኝም፤ ሁለት አይሱዙና አንድ ወፍ ቀድሜያለሁ። እህቴ መደቡ ላይ ሆና ሽንኩርት ትኮተኩታለች። ቁጭ አድርጌ ነገርኳት፤ ቀኑን በጣቷ ቆጠረች። አሥራ አንድ ቀን ቀርቶናል።

አልጮኸችብኝም። ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። ዶማዋን አራገፈችና «ነገ ስንት ሰዓት እንነሳ?» ብቻ አለች።

ወልድያ፣ ከዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አጠገብ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ኮምፒውተር ዘርግታ ማመልከቻ የምትጽፍ ሴትዮ አለች። የሽምግልናውን ወረቀት ተቀብላ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«እህቴ፣ ይቅር ያልሽው ምኑን ነው?»

«ቂሙን ነዋ። ደም እንዳይፈላለግ፣ ልጆቼ ጠላት ይዘው እንዳያድጉ።»

«ወረቀቱም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ‹ደሙን ይቅር ብለናል፣ ቂም የለንም›። ካሳ የሚል ቃል አልገባበትም። ሾፌሩን ይቅር ማለት ሌላ፣ ባልሽ ያበላቸው የነበሩትን ሰዎች ጉሮሮ መጠየቅ ሌላ። የመኪናው ባለቤት እሱ ራሱ ባያጠፋ እንኳ መኪናው ላደረሰው ይጠየቃል፤ መድን የገባለትም ድርጅት አብሮ ይጠራል።»

እኔ ዝም ማለት አልሆንልህ አለኝ። «እትዬ፣ ከሳሽ ላይ የእኔም ስም ይግባ እንጂ፣ እኔም ተጎድቻለሁ።»

ከመነጽሯ በላይ አየችኝ። «ሚስት፣ ልጆች፣ ወላጆች ነው የሚለው። አፈኛ አማች ሕጉ ውስጥ የለም።»

እህቴ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ለዚያ ሳቅ ስሜ አሥር ጊዜ ቢሰረዝም አልከፋኝም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት በወረቀት አለቁ። የሞት ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻ ማስረጃ፣ ለልጆቹ ሞግዚት መሆኗን የሚያሳይ፣ የትራፊክ ፖሊሱ ሪፖርት። አንዱ ቢሮ ማኅተም አለ፣ ኃላፊው የለም፤ ሌላው ጋ ኃላፊው አለ፣ መብራት የለም። ወሬው ግን መብራት አይፈልግም፤ ከእኛ ቀድሞ ግራና ገባ። «የባሏን ደም ልትሸጥ ነው» ተባለ። እኚያ «ይርጋ» ያሉት አዛውንትም ከዘራቸውን ይዘው እህቴ ደጅ ድረስ መጡ።

«ልጄ፣ በእግዚአብሔር ስም የታረቅሽውን ልታፈርሺ ነው አሉ?»

«እርቄን አላፈረስኩም አባቴ። ያ ሾፌር ዛሬ ደጄ ቢመጣ እንጀራ አቀርብለታለሁ።»

«ታዲያ ካሳው ምንድን ነው? ደም በብር ይለወጣል?»

እህቴ ቀና አለች። በአርባ ምናምን ዓመቴ እንደዚያ ያለ አንገት አላየሁም።

«ደሙንማ ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ፤ ከእሱም መልሼ አልጠይቅም። እኔ የምጠይቀው የሚያርስልኝን ክንድ ነው። አንቱ ድንጋዩን ተሸክመው መጡ፣ አውርደው ሄዱ። እኔ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ እንደተሸከምኩ ነኝ። እስቲ አንቱ ይፍረዱ፤ የእነዚህን ልጆች ሆድ ማን ‹ርጋ› ይበለው?»

አዛውንቱ ከዘራቸውን ከግራ ወደ ቀኝ አዛወሩ። «ለምስክርነት ከፈለግሽኝ፣ ስለ ካሳ አልተነጋገርንም ብዬ እናገራለሁ» አሉና ሄዱ። ሰው መስለውኝ አያውቁም ነበር፤ የዚያን ቀን ሰው መሰሉኝ።

ክሱ ጊዜው ሊያልፍበት ሁለት ቀን ሲቀረው ተከፈተ። በቀጠሮው ቀን የመኪናው ባለቤት ጠበቃ ያችን ወረቀት እንደ ባንዲራ ከፍ አደረጋት። «ከሳሽ ይቅር ብላለች! ይቅር ማለት ደግሞ ተወው፣ ይቅርብኝ ማለት ነው! ክሱ ይሰረዝልን!» አለ። ከኋላ አግዳሚ ላይ ሆኜ ዘልዬ ልነሳ ስል፣ ዳኛዋ ሳያዩኝ «ከኋላ ያሉት ይቀመጡ» አሉ።

ከዚያ እህቴን ጠየቋት።

«ክብርት ዳኛ፣ እኛ ዘንድ ይቅር የሚባለው ክፉ ነው። ቂም ይቅር፣ በቀል ይቅር እንላለን። የልጅ እንጀራ ይቅር የሚል ሽማግሌ በወሎ ምድር አልተፈጠረም።»

ዳኛዋ ወረቀቱን አገላብጠው አዩ። ወረቀቱ ቂም መተውን እንጂ ካሳ መተውን አይልም፣ ክሱም በጊዜው ቀርቧል ብለው መቃወሚያውን ውድቅ አደረጉት። ጉዳዩ ይቀጥላል፤ የምስክር ቀጠሮም ተሰጠ። ገና ብዙ መንገድ አለ። ግን በሩ አልተዘጋም። ከችሎት ስትወጣ ጠበቃው መንገድ ለቀቀላት፤ እሷም ነጠላዋን ሳታስተካክል፣ ቀና ብላ አለፈች።

በሚኒባስ መርሳ ገባን። ከመናኸሪያው በባጃጄ ላደርሳት አስነሳሁ። እህቴ ግን እግሯን ከማስገባቷ በፊት ቆመች። ይህን ሁሉ ጊዜ ከዚያች ማመልከቻ ጸሐፊ ጋር ስለ ተጠያቂና ስለ መድን ስታወራ ከርማ፣ አሁን ከእኔ የበለጠ ሕግ አዋቂ ወጥቷታል።

«ጋሼ፣ ያንተ የሦስተኛ ወገን መድን የሚያልቀው መቼ ነው?»

ያስነሳሁትን ሞተር መልሼ አጠፋሁ።

መድኔ ካለቀ ዘጠኝ ወር ሆኖታል። ለእህቴ ባል ሞት ካሳ ይገባል ብዬ አገር ምድሩን ሳምስ በከረምኩበት ጊዜ ሁሉ፣ የሰው አባት፣ የሰው ባል የምጭነው መድን በሌላት ባጃጅ ነበር።