የቅበላ ሳንባ

ነገ ዐቢይ ጾም ሊገባ ነውና ጊዮርጊስ ጀርባ ያለው ሥጋ ቤት ሰው በሰው ላይ ሆኗል። ሁሉም ብርንዶው ላይ አፍጥጦ ይጋፋል። ከአጠገቤ የቆሙ አንድ ሽማግሌ ብቻ የተሰቀለውን ሥጋ ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። ካፖርታቸው ተተኩሷል፤ ክራባታቸው ላይ ግን የድመት ጸጉር ሞልቷል።

«ሳንባዬን እንዳትጥልብኝ!» ይላሉ ለባለ ሥጋ ቤቱ፣ ባዶ ፌስታል ከሰው ራስ በላይ እያውለበለቡ።

ፌስታሉ ሞልቶ ሲመለስላቸው ሎተሪ እንደወጣለት ሰው ፊታቸው በራ። ደስታውን ብቻቸውን ሊይዙት ስላልቻሉ ወደ እኔ ዞሩ።

«በነጻ! ዛሬ ሳንባን ማን ዞር ብሎ ያየዋል? ነገ በጾሙ ሥጋ ቤቱ ሲዘጋ ግን ዋጋው አይቀመስም። እኔ እንደ ቋንጣ ዘልዝዬ አደርቀዋለሁ። ድመቷ ጾሙን ሙሉ ትበላለች፣ እኔ ሳንቲም አላወጣም። ብልሃት ነው ልጄ!»

«ለራስዎስ ሥጋ አይገዙም?» አልኳቸው።

«የእኔ ለፋሲካ ይደርሳል። የድመቷ ባለቤት ያን ጊዜ ትመጣለች፤ አብረን እንፈስካለን። አደራ የሰጠችኝን ድመት ከስታ ካገኘቻት ምን መልስ አለኝ?»

ፌስታሉን እንደ ሕፃን ታቅፈው፣ እንደ ጎረምሳ እየተንደረደሩ ወደ እሪ በከንቱ ሰፈር ቁልቁል ወረዱ። ደስታቸው ተጋብቶብኝ እየሳቅኩ ተራዬን ያዝኩ።

ባለ ሥጋ ቤቱ ግን ቢላዋውን እየሳለ፣ «በየዓመቱ ለፋሲካ ትመጣለች ይሉኛል» አለኝ። «አደራ የተሰጣቸው ድመት እኮ ድሮ ሞታለች። ይቺ የልጅ ልጇ ናት።»