የሰበርኩት ጥርስ

ትናንት የጥርስ ሐኪሟ የመንጋጋዬን ፎቶ በኮምፒውተር ስታሳየኝ የጭልሞ ጫካ ትዝ አለኝ።

በዚያ ከሰዓት ጫካው ጥግ የነበርነው ስድስት ነን፦ አዴ ጫልቱ፤ ወንድማቸው ኦቦ ፈይሳ፤ ለችግኝ ሲቆፍሩ የሰው አጥንት ያገኙት የደን ሠራተኞች በቀለና ግርማ፤ የቀበሌው ሊቀመንበር፤ እኔም፣ የጥርስ ነቀላ ሙያውን ከአንድ ያረጀ መጽሐፍና ከሰው አፍ የተማርኩ የጊንጪ ክሊኒክ ድሬሰር።

ዘመኑ የደርግ ነው። የአዴ ጫልቱ ልጅ መምህር ቶሎሳ ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሊቀመንበሩ «ከድቷል» ብሎ ስለጻፈ እናቱ ለቅሶ እንኳ አልተቀመጡም፤ ጎረቤቱ ፈራ። አጥንት መገኘቱን ሲሰሙ ክሊኒክ መጥተው «ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ደብተርህን ይዘህ ተከተለኝ» አሉኝ። የነቀልኩለትን ሰው ጥርስ ሁሉ በደብተሬ እየሳልኩ እንደምጽፍ ከተማው ያውቃል።

ክረምቱ ሊገባ ነው፤ እርጥብ አፈርና ጥድ ይሸታል። ግርማ የቀቀለውን ድንች ይዞ ቆሟል፣ አልበላም። ሊቀመንበሩ «ያልታወቀ ሰው» ብሎ ወረቀቱን ሞልቷል።

የታችኛውን መንጋጋ አነሳሁና ደብተሬን ገለጥኩ፤ ጮክ ብዬ አነበብኩ፦ «መምህር ቶሎሳ። ቀኝ ታች፣ የመጨረሻው። ስነቅል ተሰበረ፤ አንድ ሥር ውስጥ ቀረ። ጉጠቴ ሸርተት ብሎ አጠገቡ ያለውን ጥርስ ጠርዝ ሸረፈ።» የቀረው ሥር እዚያው መንጋጋው ውስጥ አለ። የተሸረፈው ጠርዝም አለ።

«አንተ ሐኪም ነህ?» አለኝ ሊቀመንበሩ።

«አይደለሁም። የሰበርኩት ግን እኔ ነኝ።»

«በሰበርከው ጥርስ ከሆነ አገሩን በሙሉ ለይተህ ታውቀዋለህ» አለ ግርማ።

ሊቀመንበሩ አልሳቀም። «እሱ ነው ብለህ ብትፈርም ከሥራ እንደምትባረር ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። ስሙን ይጻፉ።»

«አልጽፍም።»

ስሙን እዚያው ደብተሬ ላይ ጽፌ ፈረምኩ። ኦቦ ፈይሳ ፈረሙ፤ በቀለና ግርማም ተከተሉ። አዴ ጫልቱ ነጠላቸውን አውልቀው አጥንቱን ሸፈኑና «ነገ ለቅሶ እቀመጣለሁ። የፈራ አይምጣ» አሉ።

በማግስቱ ግቢያቸው ሞልቶ ሰው መንገድ ላይ ተቀመጠ። እኔ በሳምንቱ ተባረርኩ።

ከነቀልኳቸው ጥርሶች ሁሉ በደንብ የነቀልኳቸውን ረስቻለሁ። ያችን የሰበርኳትን ግን አልረሳሁም፤ ስለጻፍኳትም አላፍርም። በቀለ፣ ግርማ፣ በሕይወት ካላችሁ የጎደለውን ጨምሩበት፤ ዝናቡ የጀመረው ከመፈረማችን በፊት ይሁን በኋላ እርግጠኛ አይደለሁም። የሳትኩትን ሁሉ አርሙኝ። ስሙን ግን አትንኩት።