አንድ ደወል ለሰላምታ

አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ እግሬ ፔዳሉ ላይ በጣት ጫፍ ብቻ የሚደርስበት ዕድሜ። ይህን ያስታወሰኝ ትናንት ጠዋት የሰማሁት ደወል ነው። አሁን ከምኖርበት ከለሚ ኩራ ወርጄ፣ ጉልበቴ እንዲፍታታ ብዬ በአዲሱ የወንዝ ዳር መንገድ ቀስ እያልኩ ስሄድ፣ ከኋላዬ አንዲት ወጣት በብስክሌት መጣችና አንድ ጊዜ ብቻ «ጭርር» አደረገች። መንገድ ልቀቂ ማለቷ ነው። እኔ ግን መንገድ መልቀቁን ትቼ፣ ፊት ለፊቴ ማንም በሌለበት አንገቴን ሰበር አድርጌ እጅ ነሣሁ። ልጅቷ በጎኔ ስታልፍ ዞር ብላ «ማዘር፣ ሰላም ነው?» አለችኝ።

ሰላም ነው። ነገሩ ግን ከሩቅ የሚመጣ ስለሆነ ቁጭ በሉና ልንገራችሁ።

ያን ጊዜ ሳሊተ ምሕረት አካባቢ ቤቱ ጥቂት፣ ሜዳው ብዙ ነበር። ከበራችን ቁልቁል የሚወርደው ኮረኮንች ወንዙ ጋ ሲደርስ ቀጭን የእግር መንገድ ይሆንና፣ ውኃውን በግራ ባሕር ዛፉን በቀኝ አድርጎ እስከ ድንጋዩ ድልድይ ይዘልቃል። አባዬ ቁመቱ በቅሎ የሚያህል ጥቁር ብስክሌት ነበረው። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ነበር የሚሠራው። ለእኔ ደግሞ የሥራ ባልደረባው ልጅ ያነሰቻትን ቀይ ብስክሌት አመጣልኝ፤ ቀለሟ የተላላጠ፣ ኮርቻዋ የተቀደደ፣ ደወሏ ብቻ የሚያብረቀርቅ። የሰፈሩ ሴቶች «ሴት ልጅ ብስክሌት ላይ?» ሲሉ አባዬ «ሁለት እግር ይበቃዋል፤ ሁለቱም አላት» ብሎ ዘጋቸው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እንወጣለን። እናቴ በሩን ከፍታ፣ ጋቢዋን ተከናንባ፣ ታጥፈን እስክንጠፋ ቆማ ታየናለች። ታች ስንደርስ ቅዝቃዜው ከወንዙ ተነሥቶ ጉልበቴን ይይዘኛል። ጤዛ የመታው የባሕር ዛፍ ቅጠል ጎማ ሲሄድበት የሚሰጠውን ሽታ ታውቁታላችሁ? አፍንጫ ውስጥ ገብቶ ዓይን ያስነባል። ፀሐይዋ በግንዶቹ መሀል እየሾለከች እጄ ላይ አንዴ ብርሃን አንዴ ጥላ ታደርጋለች። እንቁራሪቶቹ እኛ ስንደርስ ዝም፣ ስናልፍ ደግሞ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ከጎመን መደቡ በታች ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች አሉ፤ የሳሙናው አረፋ ከእኛ እኩል ወደ ድልድዩ ይጓዛል። እኔ ፊት፣ አባዬ ኋላ። ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር። ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ሲያዩን «ረዳት! ወራጅ አለ!» እያሉ ይጮሁብኛል፤ እኔም «ሞልቷል!» እላቸዋለሁ። አባዬ ከኋላ ሲስቅ ይሰማኛል። ከዚያ ሳቅ የበለጠ ነገር ፈልጌ አላውቅም።

በዚያው ዓመት፣ ከበልግ በፊት፣ አባዬ የእድራችንን ዳኛ መንገድ ላይ ሰላም ሳይል አለፋቸው። ጡረታ የወጡ፣ ረጅም፣ ኮታቸው የማይጨማደድ ሽማግሌ ናቸው። ባርኔጣቸውን አንሥተው ሲጠብቁት አባዬ በብስክሌቱ ሽው ብሎ ሄደ። አንዴ ቢሆን ሐሳብ ይዞት ነው ይባል ነበር። በሳምንቱ ደገመው። በእኛ ሰፈር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ነገ የሚቀብርህን ሰው ዛሬ አላውቅህም እንደ ማለት ነው። ወሬው ወፍጮ ቤት ድረስ ሄዶ እናቴን ጠበቃት። አንዷ ከእህል ወረፋው መሀል «ባልሽ ብስክሌት ላይ ከወጣ ወዲህ ሰው ሁሉ አነሰበት ወይ?» አለቻት።

እናቴ ዱቄቱን ሳታራግፍ መጣች።

«ምናለ ሰው ሰላም ብትል? አፍህ ይቀንስብሃል?»

«አላየኋቸውም።»

«ያን የሚያህል ሰው? ቆጥ ላይ የሚደርስ ሰው?»

 አባዬ የሳህኑን ጠርዝ በጣቱ ዳበስ ዳበስ እያደረገ ተቀመጠ። እኔ ያን ጊዜ ያኮረፈ ነበር የመሰለኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከኮረኮንቹ ግርጌ አስቆመኝና «አዲስ ጨዋታ አለ» አለኝ። «አንቺ ፊት ነሽ። ሰው ስታዪ አንድ ጊዜ ደውይ፤ እኔ ባርኔጣዬን አነሣለሁ። ጉድጓድ ወይ ድንጋይ ስታዪ ሁለት ጊዜ።»

«ከብት ሳይስ?»

«ከብት ራሱ ይሸሻል።»

«ለምንድን ነው ግን?»

«ማንም ሰው ሰላም ሳይባል እንዳይቀር ነው።»

አመንኩት። በአሥራ ሦስት ዓመት አባት የሚለው ሁሉ ይታመናል። እንዲያውም ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ቅዳሜ የባሰ ጣፈጠችኝ። ከባሕር ዛፉ ሥር ማልዶ የሚያርሰው ገበሬ ጋ ስንደርስ አንድ ጊዜ እደውላለሁ፤ አባዬ ባርኔጣውን ከፍ አድርጎ በኦሮምኛ «አካም ቡልተን?» ይላል፤ ገበሬው ሞፈሩን ይዞ «ነጋ!» ይመልሳል። አጣቢዎቹ ጋ አንድ ጊዜ፤ «እንደምን አደራችሁ?» ብቻውን ላገኘነው ሰው ሁሉ ደግሞ፣ ለሴቱም ለወንዱም፣ «እንደምን አደሩ?» ነበር የሚለው። አንድ የሰባት ዓመት ኳስ አቀባይ በአንቱታ ሰላም ሲባል ደረቱን ነፍቶ «እግዚአብሔር ይመስገን፤ እርስዎስ?» ሲለው በሳቅ ልወድቅ ነበር። ለምን ሁሉንም አንቱ እንደሚል አልጠየቅሁም። ጨዋ ሰው ነዋ፣ አባቴ።

ሰፈሩ ቀስ በቀስ ለዘበ። ዋናው ሰው ግን አልተገኙም። አባዬ በየቅዳሜው ቤት ልንደርስ ስንል «ዛሬም ዳኛው አልወጡም?» ይለኛል። «አልወጡም» እለዋለሁ። ከዚያ በኋላ ፔዳሉን የሚመታበት ኃይል ሲቀንስ ከሰንሰለቱ ድምፅ አውቃለሁ።

አንድ ቅዳሜ፣ ከትልቁ ሾላ አጠገብ፣ ጎማዬ የዛፉ ሥር ላይ ዘለለና ደወሏ በራሷ ጊዜ አንዴ ጮኸች። ጭርር። ከመንገዱ ዳር የገበሬው ጥቁር ላም ቆማ ታመሰኳለች። አባዬ ከኋላዬ ደርሶ፣ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ባርኔጣውን ከራሱ አውልቆ ደረቱ ላይ አደረገና፦

«እንደምን አደሩ? ቤተሰቡ ሁሉ ደኅና ነው?» አላት።

ላሟ ጆሮዋን አራገበች። እኔ ከብስክሌቴ ወርጄ፣ ሆዴን ይዤ፣ እንባዬ እስኪፈስ ሳቅሁ። አባዬ ደረሰብኝና አንድ እግሩን መሬት አስደገፈ። ፊቱ ላይ ሳቅ አልነበረም።

«ምን ያስቅሻል? ነውር አይደለም እንዴ? ማን ነበሩ?»

ማን ነበሩ፣ አለኝ። ላሟ አሥር እርምጃ እንኳ አትርቅም፤ ስታመሰኳ ይሰማል። አባዬ የሚያየው ደግሞ እኔን አይደለም፤ ከትከሻዬ ትንሽ ወዲያ ያለ ባዶ ቦታ ነው። ሳቄን ተውኩ። የዳኛው ነገር፣ የሳህኑ ጠርዝ፣ ጨዋታው፣ አንቱታው ሁሉ አንድ ላይ መጥቶ ፊቴ ቆመ።

«የእድሩ ዳኛ ናቸው» አልኩት።

ለምን እንዳልኩ እንጃ። የሚፈልገው እሳቸውን ስለነበረ ይሆናል።

ፊቱ በራ። «መለሱልኝ?»

«ባርኔጣቸውን አነሡ።» ሰው አንዴ መዋሸት ከጀመረ ይጨምራል መቼም።

አባዬ እስከ ቤት እያፏጨ ተመለሰ። ያ ሾላ አሁን የለም። በቦታው የመንገድ መብራት ተተክሏል፤ ትናንት ሳልፍ በእጄ ነካ አደረግሁት፤ ብረቱ ቀዝቃዛ ነው።

ቁርስ ላይ አባዬ ቂንጬውን እንኳ ሳይነካ ለእናቴ አወራላት። «ዛሬ ከዳኛው ጋር ታረቅን። ከሾላው ሥር አገኘኋቸው፤ ሰላም አልኳቸው፤ ሰላም አሉኝ። ነገ እድር ላይ ደግሞ በሰው ፊት ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ።»

የእናቴ ማንኪያ አየር ላይ ቆመ። ወደ እኔ ዞረች። ዳኛው እግራቸው አብጦ ከረቡዕ ጀምሮ አልጋ ላይ ናቸው፤ ዓርብ ከሰዓት እሷው ራሷ ሾርባ ይዛ ሄዳ ጠይቃቸዋለች። ይህን እኔ አላውቅም ነበር።

«እሰይ» አለችው። «ደግ አደረግህ።» ሻዩንም ጨመረችለት።

ማድ ቤት ስገባ ተከትላኝ ገባች። «ማን ነበር?»

«ላም።»

አልሳቀችም። ጀርባዋን ሰጥታኝ ድስቱን ማጠብ ጀመረች። «የደወሉን ነገር ያመጣው እሱ ነው ወይስ አንቺ?»

«እሱ ነው። ጨዋታ ነው ብሎኝ... እማዬ፣ ታውቂ ነበር?»

«በር ላይ የምቆመው ብርድ ናፍቆኝ መሰለሽ?» ውኃውን ደፋች። «በዚህ ዓይኑ መዝገብ ቤት እንዴት እንደሚውል እንጃ። ግን አንዲት ቃል እንዳትነግሪው። ራሱ እስኪነግረኝ ድረስ እኔ አላውቅም።»

«ነገስ? እድር ላይ ሲናገር ይስቁበታል እኮ።»

 ነጠላዋን ለበሰችና ወጣች። ስትመለስ የት እንደነበረች አልተናገረችም፤ እኔም ለመጠየቅ ፈራሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባዬ ትከሻዬን ይዞ ወደ እድሩ ቤት ሄድን። ወንዶቹ በአግዳሚው ተደርድረዋል። ዳኛው በሰው ተደግፈው መጥተው ከፊት ተቀምጠዋል፤ በጨርቅ የተጠቀለለ እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለውታል። ከበሩ የገባ ሁሉ ከፊታቸው አስቀድሞ የሚያየው ያን እግር ነው። አባዬ ድምፃቸውን ተከትሎ ቀረበና ባርኔጣውን አወለቀ።

«ትናንት ወንዝ ዳር ስላገኘሁዎት ደስ ብሎኛል። ያለፈውን ጥፋቴን ይቅር ይበሉኝ።»

 ሰው ሁሉ አንዴ በርጩማውን አንዴ አባቴን ያያል። ከኋላ አንዱ «ወንዝ ዳር?» ብሎ ጀመረ፤ ሌላው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ትከሻዬ ላይ ያለው የአባዬ እጅ ሲከብድ ተሰማኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

ዳኛው እጃቸውን ከፍ አደረጉ፤ ዝም በሉ ዓይነት።

«አዎን» አሉ። «አንተ ገና ባርኔጣህን ሳታነሣ ነው እኔ ያየሁህ። እንዲያውም ከዚያ ስመለስ ነው ይህ እግሬ የተቀየመኝ። በል ና፣ እዚህ አጠገቤ ቁጭ በል።»

ማንም አልሳቀም። አንዱ ተነሥቶ ቦታ ለቀቀለት። እኔ ወጥቼ ከአጥሩ ጀርባ አለቀስኩ።

ቅዳሜያችን እስከ ክረምት ቀጠለ። እኔ ቀስ ብዬ መንዳት ጀመርኩ፤ ደወሉንም ከበፊቱ አስቀድሜ እደውል ነበር። እሱ ምንም አላለም፤ እኔም አላልኩም። ከዚያ ወንዙ ደፍርሶ ሞላ፤ መንገዱ ጭቃ ዋጠው። አባዬ ብስክሌቱን ከግድግዳው አስደግፎ «ክረምቱ ይውጣ» አለ። ክረምቱ ወጣ፣ መስከረም ጠባ፣ መንገዱ ደረቀ። ብስክሌቱ ግን ከግድግዳው አልተነሣም። አንድ ቅዳሜ ብቻዬን ወጥቼ እስከ ድልድዩ ሄድኩ። ሽታውም፣ ብርሃኑም፣ እንቁራሪቶቹም እንደ ነበሩ ናቸው። ገበሬውን ሳይ አንድ ጊዜ ደወልኩ፤ ከኋላዬ «አካም ቡልተን?» የሚል ጠፋ። ገበሬው ቀና ብሎ ከኋላዬ ያለውን ባዶ መንገድ ትንሽ አየና ወደ በሬዎቹ ዞረ። ከዚያ በኋላ እኔም አልወጣሁም።

በጥቅምት አባዬ ለእናቴ ነገራት። በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ እኔ በመስኮቱ ሰማሁ።

«ዓይኔ ሄዷል» አላት።

አውቃለሁ አላለችውም። «እሺ» ነው ያለችው። ቀጥላም «ጋቢ ላምጣልህ፣ ነፋስ አለ» አለችው።

በማግሥቱ እናቴ ቢላዋ ይዛ ወደ ቀይዋ ብስክሌት ሄደች። በቢላዋው ጫፍ ብሎኑን እያዞረች ደወሉን ፈታችና የቤተ ክርስቲያን ጃንጥላዋ እጀታ ላይ አሰረችው። በአውራ ጣቷ ሞከረችው።

«አንዱን አውቀዋለሁ» አለችኝ። «ሁለቱ ለምንድን ነበር?»

«ለጉድጓድ» አልኳት።

«እሺ።»

እሑድ ሁለቱም ነጭ ለብሰው ወጡ። ክንዴን ያዝ አላለችውም። አንድ እርምጃ ቀድማው ሄደች። ኮረኮንቹ ሲጀምር ሁለት ጊዜ ደወለች። የቤተ ክርስቲያኑ መታጠፊያ ላይ ዳኛው በከዘራ እየተደገፉ ሲመጡ አንድ ጊዜ ደወለች፤ አባዬም ባርኔጣውን አነሣ። አባዬ እስኪያርፍ ድረስ፣ እሑድ እሑድ፣ እናቴ እንዲህ ታደርግ ነበር።