ጠርሙሱን የሚያስቀምጠው እጅ

በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ባለችው ትንሽ ሱቅ መጠጦቹ የሚደረደሩት በመስታወት ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው። በቀደም እስክሪብቶ ልገዛ ገብቼ አንድ የማንጎ ጭማቂ ጠርሙስ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ አየሁ። ሳላስበው በሩን ከፈትሁና ስሙ ያለበትን ጎን ወደ ውጭ አዞርሁት። ከዚያም ክዳኑን በአውራ ጣቴ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረግሁት።

«ትወስጅዋለሽ?» አለኝ ባለሱቁ።

«አይ፣ ዞሮ ነው» አልሁት።

ግራ ገብቶት አየኝ። ጠርሙሱ የታሸገ ስለነበር ምንም አይሸትም። እኔን ግን በግንቦት ፀሐይ የሞቀ ማንጎ ከናፍጣ ጭስ ጋር ተደባልቆ ሸተተኝ። ያ የፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ሽታ ነው። የወንድሜም ሽታ ነው።

ልጆች ሳለን ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚያልፉት አውቶቡሶች ከተማችን ላይ ብዙ አይቆሙም ነበር። ረዳቱ በሩ ላይ እንደተንጠለጠለ «ቶሎ ቶሎ!» እያለ ይጮኻል፤ እናቴ፣ ወንድሜና እኔ ማንጎ ይዘን በመስኮቶቹ ሥር እንሯሯጣለን። እናቴ ማንጎ መደርደርን እንደ ቀላል ሥራ አታየውም ነበር። እያንዳንዱን በመቀነቷ ጫፍ ወልውላ፣ ፀሐይ የነካውን ቀይ ጉንጩን ወደ መንገዱ ታዞረዋለች፤ ጥቁር ነጥብ ያለበትን ጎን ደግሞ ወደ ራሷ።

«ማታለል አይሆንም እማየ?» ብሎ ወንድሜ ጠይቋት ነበር።

«ምን ማታለል አለው? አንተስ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ የተቀደደውን ሸሚዝ ነው የምትለብስ? ሰው የሚያይ በመስኮት ነው፤ መኪናው ደግሞ አይጠብቀውም። መልካሙን ጎን አሳየው።»

ወንድሜ በዕድሜ ከእኔ በብዙ ይበልጥ ስለነበር የመደርደሩ ሥራ ቀስ በቀስ የእሱ ሆነ። ክምሩን ሲጨርስ ከላይ ያለችውን ማንጎ በአውራ ጣቱ ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርጋታል፤ አርፈሽ ተቀመጭ እንደማለት ነበር። አንድ ቀን ማንጎ ሲያቀብል ተሳፋሪው መስኮቱን በድንገት ዘጋበትና ያ አውራ ጣት ተቀረቀረ። ጥፍሩ ከመሃል ተሰነጠቀ። ከዚያ በኋላ ሲያድግም ሁለት ሆኖ ነበር የሚያድገው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ውጤት ሳይመጣለት ሲቀር አዲስ አበባ ወደምትኖረው የአክስታችን ልጅ ሄደ። መጀመሪያ ድራማ በሚቀረጽበት ቦታ ወንበርና መብራት ይሸከም ነበር። አንድ ቀን ደወለና «እማየ፣ በቴሌቪዥን ልወጣ ነው» አላት። እናቴ እልልታዋን ልታቀልጠው ስትል «እጄ ብቻ ነው» ብሎ ጨመረ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በድራማው ውስጥ ሰዎቹ ሁልጊዜ የሚገናኙበት አንድ ካፌ አለ። ለድራማው ገንዘብ ከሚሰጡት አንዱ የማንጎ ጭማቂ የሚያመርት ድርጅት ስለነበር፣ ተዋናዮቹ እየተጣሉም ይሁን እየታረቁ ያ ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ መታየት ነበረበት። ስለ ጭማቂው ግን አንድ ቃል አይናገሩም። የአስተናጋጅ እጅ ይመጣል፣ ጠርሙሱን ያስቀምጣል፣ ካሜራው ትንሽ ይቆይበታል፣ ከዚያ ወሬው ይቀጥላል። ከወንድሜ በፊት የሞከሩት ሰዎች ስሙን ወደ ጎን እያዞሩ አስቸግረው ነበር አሉ። እሱ አንዴ አስቀምጦ ስላሳያቸው ሥራው የእሱ ሆነ።

በወፍጮ ቤት የሚሠራው አባቴ ዱቄት የለበሰ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ እያራገፈ «ካልተናገሩለት ታዲያ ማን ይገዛዋል?» አለ።

እናቴ ግን ወዲያው ገብቷት ነበር። «መስኮት ነዋ!» አለች። «መኪናው ያልፋል፤ ሰውየው ግን አይቶ ነው የሚያልፍ።»

ወንድሜ በላከልን ትንሽ ቴሌቪዥን እሑድ ከሰዓት በኋላ ድራማውን እናይ ነበር። ከበሩ የሚገባው ብርሃን መስታወቱ ላይ ስለሚያርፍ እኔ ነጠላ ዘርግቼ እጋርዳለሁ። እናቴ ታሪኩን አንድም ቀን አልተከተለችም። ማን ማንን እንደከዳ ብትጠየቅ አታውቅም። ካፌው ሲመጣ ብቻ «ዝም በሉ!» ትላለች። እጁ ይመጣል። የድርጅቱ ሰው የተሰነጠቀውን ጥፍር ስላልወደደው ቀለም ይቀቡለት ነበር፤ እኛ ግን ከቀለሙ ሥር ስንጥቁን እናየዋለን። ጠርሙሱ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፤ አውራ ጣቱም ክዳኑን ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርገዋል። ይህን የጨመረው ራሱ ነው፤ አዘጋጁም ወዶለት ተወው።

አረቄ የምትሸጠው ጎረቤታችን ቀልድ ታበዛ ነበር። «አንች፣ የልጅሽ እጅ እንደሆን ደረሰ» ትላታለች። «ፊቱስ መቼ ነው የሚመጣ? በእግሩ ነው እንዴ የተነሣ?»

«ይመጣል፣ ምን አስቸኮለሽ?» ትላለች እናቴ። «ንጉሥም ሲመጣ አስቀድሞ ነጋሪቱ ነው የሚሰማ።»

አባቴ ይህ ጨዋታ አይጥመውም። «እኔ ልጅ ነው የወለድሁ፤ እጅ አልወለድሁም» ብሎ ብድግ ብሎ ይወጣል። እጁ በሚመጣበት ሰዓት አንድም ቀን ተቀምጦ አላየሁትም።

አምና ለፋሲካ ወንድሜ መጣ። ከዚያ ጭማቂ ይዞልን ነበር። እናቴ አንድ ጊዜ ጎንጨት አድርጋ ብርጭቆውን አስቀመጠችና «ልጀ፣ ይህ ነገር ማንጎን የሚያውቀው በሩቅ ነው» አለችው። እሱ እስኪያለቅስ ድረስ ሳቀ። በነጋታው ተነሥተን ስናይ በመደርደሪያችን ላይ ያለውን ሁሉ፣ ክብሪቱን፣ ሳሙናውን፣ የሻይ ቅጠሉን፣ ስሙ ወደ እኛ እንዲዞር አድርጎ ደርድሮት ነበር። «ልማድ ሆኖብኝ ነው» አለ። ሲሄድ መደርደሪያው የሱቅ መስሎ ቀረ። እናቴም ክብሪቱን በተጠቀመች ቁጥር እንደነበረ አድርጋ ትመልሰው ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ድምፁ ሻክሮ ደወለ። «ጉንፋን ነው እማየ» አላት። «ነጭ ሽንኩርት ብላ፤ ብርድ አይምታህ» አለችው። ጉንፋን አልነበረም፤ ሳንባው ነበር። ከዚያ በኋላ የሰማነው የአክስታችንን ልጅ ድምፅ ነው።

አስከሬኑ አውቶቡሶቹ በሚመጡበት በዚያው መንገድ መጣ። ዝናብ ነበር። ሁልጊዜ ትቀልድ የነበረችው ጎረቤታችን ጭቃው ላይ ተደፍታ «ፊቱ መቼ ይመጣል ያልሁ እኔ! ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!» እያለች ደረቷን ትመታ ነበር። ብብቷን ይዛ ያነሣቻት እናቴ ናት።

በሐዘን ቤት ቴሌቪዥን አይከፈትም። አባቴ በጋቢ ሸፈነው። ለቀስተኛው ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል፤ ቤቱ የንፍሮና የእርጥብ ልብስ ሽታ ይሸታል። በመጀመሪያው እሑድ የድራማው ሰዓት ሲደርስ እናቴ ቀና ብላ የተሸፈነውን ነገር አየች። ያን ጊዜ ወንድሜ በፋሲካ የነገረኝ ትዝ አለኝ፤ ድራማው የሚቀረጸው ከመታየቱ ብዙ ቀደም ተብሎ ነው። ጠጋ ብዬ በጆሮዋ ነገርኋት። ጉልበቴን ጨብጣ ያዘችኝ።

«እንግዲያ እጁ ገና ይመጣል?» አለችኝ።

ምሽት ላይ ሰው ቀለል ሲል አባቴን «ለአንድ አፍታ ለእሑድ ግለጥልኝ» ብላ ለመነችው።

«ልጁን ቀብሮ ድራማ ያያል ልባል?» አለ አባቴ። እናቴ አልተከራከረችውም።

በሁለተኛው እሑድ ጥቁር ነጠላዋን ተከናንባ እጄን ያዘችና ወጣች። የሄድነው መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው ሻይ ቤት ነበር። ወንዶች ኳስ እያዩ ነበር። እናቴን ሲያዩ ድምፃቸውን ቀነሱ። ባለቤቱ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ ፈጥኖ መጣ።

«እታለም፣ ምነው? ምን ሆኑ?»

«ልጀን ልየው» አለችው።

ወንድሜ ያደገው በእነሱ ፊት ስለሆነ ሰውየው ሌላ አልጠየቀም። ጣቢያውን ቀየረው። ከኋላ አንድ ወጣት «ኧረ ጨዋታው!» ብሎ ሲጀምር ጓደኛው በክርኑ ጎሸም አደረገው። ካፌው መጣ። እጁ መጣ። ጠርሙሱ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ፤ መታ፣ መታ።

«እንደምን ዋልህ የኔ ዓለም» አለች እናቴ፤ ከእኔ በቀር የሰማት ያለ አይመስለኝም። ከዚያ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ተነሣች። ባለቤቱም ኳሱን ለወንዶቹ መለሰላቸው።

ከዚያ በኋላም እሑድ እሑድ ሄድን። ወሬው ግን ሰፈር ሳይደርስ አልቀረም። «አርባው ሳይወጣ ሻይ ቤት ተቀምጣ ድራማ ታያለች» ተባለ። እናቴ ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። እኔ የምፈራው አባቴን ነበር። አንድ እሑድ እጁ በሚመጣበት ሰዓት ዘወር ስል አባቴ በሻይ ቤቱ በር ላይ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ቆሟል። ሊያስነሣን የመጣ መስሎኝ ደነገጥሁ። እጁ ጠርሙሱን አስቀምጦ ሲሄድ እንደገና ዘወር አልሁ፤ አባቴ አልነበረም።

በቀጣዩ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አባቴ ጋቢውን ከቴሌቪዥኑ ላይ አንሥቶ አጥፎ አስቀምጦት አገኘን። አቧራውን በእጅጌው እየጠረገ ነበር። ጎረቤታችንንም ጠርቷት ተቀምጣለች።

«ነይ ተቀመጭ» አላት እናቴን፣ ፊቱን ሳያዞር። «ቤት እያለሽ ለምን ሰው ቤት ትንከራተቻለሽ?»

እሱም ተቀመጠ። እኔ እንደ ድሮው ነጠላውን ዘርግቼ ብርሃኑን ጋረድሁ። ካፌው መጣ። ሁለት ሰዎች ይጨቃጨቃሉ። ከጎን አንድ እጅ ገብቶ ጠርሙሱን አስቀመጠ።

መጀመሪያ የተናገረው አባቴ ነው።

«የእሱ አይደለም» አለ። «ጥፍሩ ደኅና ነው።»

ሁላችንም ወደ እሱ ዞርን። ቤት ተቀምጦ አይቶት የማያውቀው አባቴ ከሁላችን ቀድሞ ለየው። ወንድሜ የተቀረጸበት ክፍል አልቆ አዲስ ሰው መተካቱን ያን ጊዜ ተረዳሁ። አባቴ እንቢ ባለባቸው ቀኖች የወንድሜ እጅ መጥቶ አልፎ፣ እሺ ባለበት ቀን የመጣው የሌላ ሰው እጅ ነበር።

ተነሣና ጋቢውን መልሶ ሊያለብሰው ዘረጋው።

«ተወው» አለች እናቴ። ዓይኗ ከጠረጴዛው ላይ አልተነሣም። «ጠርሙሱ ጠምሟል፤ አየኸው? ስሙ ወደ ግድግዳው ዞሯል። ያሳየው ሰው የለም ለዚህ ልጅ።»

ጎረቤታችን በነጠላዋ አፏን ያዘች።

«ቀስ እያለ ይለምደዋል» አለች እናቴ። «ይኸም የሰው ልጅ ነው። እጁን የምታይ እናት ትኖረዋለች። ተወው፣ አትሸፍነው።»

አባቴ ጋቢውን እንደዘረጋው ቆሞ ቀረ።

አሁን ከቤት ርቄ ነው የምማረው። እሑድ ማታ እደውላለሁ። እናቴ ስለ ምግቡ፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ፈተናው ትጠይቀኛለች፤ እኔም እንዳታስብ ሁሉም ደኅና ነው እላታለሁ። ከሱቁ ነገር በኋላ ስደውል ድምፅዋ ቀለል ብሎ ነበር።

«ያ ልጅ እኮ ዛሬ ቀጥ አድርጎ አስቀመጠው» አለችኝ። «አባትሽም ጎበዝ አለው።»

«ክዳኑንስ መታ መታ አደረገው?» አልኋት።

ከበስተኋላዋ አውቶቡስ ጥሩምባውን እየነፋ ሲያልፍ ይሰማል።

«አይ» አለችኝ። «እሱን አያደርገውም። እሱ የልጀ ነው።»